ስለ ማይክል ጃክሰን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ስለ ማይክል ጃክሰን አንድ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ስልኬ በጥያቄ ይጥለቀለቃል። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ ያው ናቸው። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ያንኑ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈውና ሊንኩን እየላክሁ ልገላገል።

አስቀድሜ ልናዘዝ። አድናቂው ነኝ። ያደግሁበት ቤት ወለሉ ሊሾ ነበር። በሰም ተወልውሎ ሲያበራ ነጭ ካልሲ አጥልቀን ሙን ዎክ የሚባለውን ዳንሱን እንለማመድበት ነበር። አገጬ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያ የተረፈችኝ ናት። ይህን የምነግራችሁ መልሶቼን ስታነቡ ከማን አፍ እንደሚወጡ እንድታውቁ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ስጽፍ እናገራለሁ።

ጥቁርነቱን ጠልቶ አይደል ቆዳውን ያስነጣው?

አይደለም። ቪቲሊጎ የሚባል የቆዳ ሕመም ነበረበት። እኛ ለምጽ የምንለው ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ይሞቱና ቆዳው እዚህም እዚያም እየነጣ ይሄዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በየሰፈሩ እኮ አለ። እጁን ኪሱ ከቶ የሚሄድ፣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ የሚለብስ ሰው አይታችሁ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1993 ኦፕራ ዊንፍሬይ ቤቱ ድረስ ሄዳ ስትጠይቀው፣ በሽታው እንዳለበት በራሱ አንደበት ተናገረ። ብዙ ሰው አላመነውም። በ2009 ሲሞት አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ግን ቪቲሊጎ ብለው ሪፖርታቸው ላይ ጻፉት። ለእኔ ይሄ ጥያቄ እዚያ ላይ ተዘግቷል።

«ታዲያ የሚያነጣ ቅባት አልተጠቀመም?» ትሉኛላችሁ። ተጠቅሟል። ከሞተ በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ ተገኝቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ ቦታ ትንሽ ሳለ ጠቆር ባለ ሜካፕ ይሸፈናል። ነጩ እየሰፋ ሄዶ ጥቁሩ ሲያንስ ግን ሥራው ይገለበጣል፤ የቀረችውን ጥቁር ቦታ ማንጣት ይቀላል። በሽታው ሰውነትን ሲያዳርስ የቆዳ ሐኪሞች ራሳቸው የሚሰጡት ሕክምና ነው። ያቺ ይዟት ሲሄድ የምንስቅባት ጃንጥላም ለፋሽን አልነበረችም። ቀለም የሌለው ቆዳ ፀሐይ አይችልም።

አፍንጫውስ? እሱም በሽታ ነው ልትለን ነው?

እሱስ ቀዶ ጥገና ነው። በ1988 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አፍንጫውን ሁለት ጊዜ መሠራቱንና አገጩ ላይ ስርጉዱን ማሠራቱን አምኗል። ፎቶዎቹን በተርታ አስቀምጦ ያየ ሰው «ሁለት» የሚለው ቁጥር ላይ ፈገግ ይላል። እኔም ፈገግ እላለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ምክንያቱ ነው። አባቱ ጆ ጃክሰን በጌሪ፣ ኢንዲያና፣ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ክሬን ላይ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ልጆቹን ያለማምዳል። ማይክል እንደሚለው አባቱ ልምምዱን የሚከታተለው ቀበቶ በእጁ ይዞ ነው። አፍንጫህ ትልቅ ነው እያለም ያሾፍበት ነበር። ጆ በ2003 በቢቢሲ ሲጠየቅ በለበቅና በቀበቶ መግረፉን አልካደም፤ «መደብደብ» የሚለውን ቃል ግን አልቀበልም አለ። «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» የሚል አስተያየት እዚህ ላይ እንደሚዘንብ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። እኛ ግን በ11 ዓመታችን ቤተሰብ በድምፃችን አናስተዳድርም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1984 የፔፕሲ ማስታወቂያ ሲቀረጽ ርችቱ ፀጉሩን አቀጣጠለው። የራስ ቆዳው ክፉኛ ተቃጠለ። ካሳ ያገኘውን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለታከመበት ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሰጠ። በኋላ ሱስ የሆነበት የሕመም ማስታገሻ ግን ከዚያ ቃጠሎ ጀምሮ ነው የተከተለው።

ኦክስጅን ሳጥን ውስጥ ነበር የሚተኛው?

ፎቶው አለ። በ1986 በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጋደም ብሎ የተነሳው ነው። 150 ዓመት ለመኖር በየሌሊቱ እዚያ ይተኛል ተብሎ ተጻፈ። በዓመቱ ደግሞ የ«ዝሆኑ ሰውዬ»ን፣ በሕመም አካሉ የተዛባውን የድሮ እንግሊዛዊ የጆሴፍ ሜሪክን፣ አጽም ሊገዛ ነው ተባለ።

ወሬው የመነጨው ከጠላት አልነበረም። ከእሱው ሰፈር ነው የወጣው። ያኔ ማናጀሩ የነበረው ፍራንክ ዲሊዮ እንዲህ ያለ ወሬ ማቀበል ይችልበታል። ማይክልም መጀመሪያ ላይ ጨዋታው የጣመው ይመስላል፤ ሰው እስካወራ ድረስ ካሴት ይሸጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች «ዋኮ ጃኮ» (ቀውሱ ጃክሰን እንደማለት) የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማቆም አልቻለም።

ይህንን ቀልድ የመሰለ ነገር ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ጥያቄዎች ከባድ ናቸው። አድናቂዎቹ «ስለ ቆዳው ዋሽተውበታል፣ ስለ ሳጥኑ ዋሽተውበታል፤ ልጆች ላይ ጥቃት አድርሷል ሲሉም ይዋሻሉ» ይላሉ። የማይወዱት ደግሞ «ልጆች ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ቆዳውን ቢፍቅ ምን ይገርማል» ይላሉ። ሁለቱም ሁሉንም ወሬ አንድ ድስት ውስጥ ከተው ያማስላሉ። እኔ ደግሞ ለየብቻ ነው የማበስለው።

በ1993 ለከሳሹ ገንዘብ ከፈለ። ካላጠፋ ለምን ይከፍላል?

በዚያ ዓመት በኦገስት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ማይክል ወሲባዊ ጥቃት አድርሶብኛል አለ። ማይክል ያኔ ለኮንሰርት ዙር እስያ ውስጥ ነበር። ዙሩን ኖቬምበር ላይ ሜክሲኮ አቋርጦ የማስታገሻ ሱስ እንዳለበት አምኖ ለሕክምና ሄደ። ፖሊስ ገላውን ራቁቱን ፎቶ አነሳ። በጃንዋሪ 1994 የልጁ ቤተሰብ ያቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ በስምምነት ተዘጋ። ገንዘቡ በአጠቃላይ 23 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር ይባላል። ስምምነቱ ላይ ጥፋቱን አላመነም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። አንደኛው፣ በአሜሪካ ሀብታም ሰው ሲከሰስ ከፍሎ መገላገል የተለመደ ነው፤ ክፍያው ብቻውን ጥፋት አያሳይም። ሁለተኛውን አድናቂዎች አይወዱትም። ስምምነቱ የዘጋው የገንዘቡን ክስ እንጂ የወንጀሉን ምርመራ አይደለም። ዓቃቤ ሕግ መቀጠል ይችል ነበር። ልጁ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ለመመስከር ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ፤ በሴፕቴምበር 1994 ዓቃቤያነ ሕግ ክስ እንደማይመሠርቱ አስታወቁ። ስለዚህ ያ ነገር በማንም ዳኛ ፊት ተመዝኖ አያውቅም። ነፃም አልተባለ፣ ጥፋተኛም አልተባለ።

በ2005ቱስ? በነፃ ተሰናብቷል፤ አላለቀም?

በሕግ አልቋል። በፌብሩዋሪ 2003 ጋዜጠኛው ማርቲን ባሺር ስለ ማይክል የሠራው ዘጋቢ ፊልም ታየ። ማይክል ካንሰር ከታመመ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ተቀምጦ፣ አልጋን ከልጆች ጋር መጋራት የፍቅር ነገር ነው ሲል ዓለም ሁሉ አየው። በኖቬምበር ፖሊስ ሰፊውን መኖሪያ ግቢውን፣ ኔቨርላንድን፣ በረበረ፤ ማይክል ተይዞ በ3 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ወጣ። ከሳሹ ያው ፊልሙ ላይ የታየው ልጅ ነበር።

ችሎቱ ሳንታ ማሪያ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ነበር። አንድ ቀን አርፍዶ፣ ዳኛው ዋስትናህን እሰርዛለሁ ብለው፣ በፒጃማ ሱሪና በነጠላ ጫማ እየተንጎተተ ገባ። ያ ምስል ከብዙዎቻችን ጭንቅላት አልወጣም። ጁን 13 ቀን 2005 ከሕዝብ የተመረጡት 12 ሰዎች በሁሉም ክሶች፣ 14ቱም ላይ፣ ጥፋተኛ አይደለም አሉ። ውጭ የቆመች አንዲት አድናቂ ለእያንዳንዱ «ጥፋተኛ አይደለም» አንድ ነጭ ርግብ ትለቅ ነበር።

ጥፋተኛ አይደለም ማለት ግን ዓቃቤ ሕግ ጥርጣሬ በማያስተርፍ ማስረጃ አላስረዳም ማለት ነው። የከሳሹ እናት ምስክርነት በመስቀለኛ ጥያቄ ብዙ ቦታ ተንጋዷል፤ ክሱን የጎዳው አንዱ ይሄ ነው። ከ12ቱ ሁለቱ በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው፣ ልባቸው ጥፋተኛ ነው ይላቸው እንደነበር ተናገሩ። ታዲያ ለምን ነፃ አላችሁት? ያሰኛል። ያም ሆኖ ፍርዱ ፍርድ ነው። በነፃ የተሰናበተን ሰው «ወንጀለኛው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ የጋዜጣ ሰዎች ዛሬም ይስቱታል።

«ሊቪንግ ኔቨርላንድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ «ምንም አላደረገንም» አላሉም ነበር?

ብለዋል። ዌድ ሮብሰን በ2005 ችሎት ላይ ቀርቦ ለማይክል መስክሯል። ጄምስ ሴፍቸክም በልጅነቱ፣ በ1993ቱ ምርመራ ጊዜ፣ ምንም አልተደረግሁም ብሏል። ሮብሰን በ2013፣ ሴፍቸክ በዓመቱ፣ ቃላቸውን ቀይረው ከሰሱ። ይኸው የዳን ሪድ የአራት ሰዓት ፊልም በማርች 2019 ኤችቢኦ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ታየ። በኒውዚላንድና በካናዳ ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቹን ማጫወት አቆሙ። ዘ ሲምፕሰንስ የተባለው የካርቱን ተከታታይ ድምፁ ያለበትን ክፍል ከሥርጭት አወጣ። ፊልሙ ኤሚ ተሸለመ።

የማይክል ወገኖች መልስ ሁለት ነው። ገንዘብ ፈልገው ነው ይላሉ፤ ቀጥለው ደግሞ ዝርዝሩ አይገጥምም ይላሉ። ሁለተኛው ክብደት አለው። ሴፍቸክ ተፈጸመብኝ ካላቸው ቦታዎች አንዱ የኔቨርላንድ የባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያው ግን ተበደልሁ ካለበት ዘመን በኋላ ነው የተሠራው። ዳይሬክተሩ ራሱ በቀኖቹ ላይ ችግር እንዳለ ተቀብሏል።

በሌላ በኩል በልጅነታቸው የተደፈሩ ሰዎች ለዓመታት መካዳቸው፣ ለበዳያቸው መከላከላቸው ጭምር፣ አዲስ ነገር አይደለም። በተለይ በዳዩ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያመልከው ሰው ሲሆን። በእኛም ቤት «አጎትህ እኮ ነው፤ ምን ነካህ?» ተብለው የቀሩ ስንት አሉ? ስለዚህ «ያኔ ለምን አልተናገሩም» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያስኬድም።

ክሱ በ2017 ተዘግቶ ነበር። በኋላ የካሊፎርኒያ ሕግ ተለወጠና በኦገስት 2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለቱ ሰዎች የማይክልን ድርጅቶች መክሰስ ይችላሉ አለ። ነገሩ በሕግ ገና ክፍት ነው።

ሸሸህ። አንተ ራስህ ምን ታምናለህ?

ይሄ ጥያቄ በሳምንት ሁለቴ ይደርሰኛል። የማምነውን ከማውቀው ለይቼ ልናገር።

የማውቀው፦ አንድ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ሰው የሰው ልጆችን አልጋው ላይ ያስተኛ ነበር። ይህን ጋዜጣ አልፈጠረውም፤ ራሱ ካሜራ ፊት ነው የተናገረው፣ ምንም ነውር የለበትም ብሎ። የማንም ይሁን የማን፣ ጎረቤቴ እንዲህ ቢል ልጄን በሩ ላይ አላሳልፍም። እዚያ የነበሩት ወላጆች ግን አሳለፉ። ጂራፍ ነበር፣ ፌሪስ ዊል ነበር፣ ማይክል ጃክሰን ነበር።

የማምነው ደግሞ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። የሮብሰንን ፊት ሳይ አምነዋለሁ። የባቡር ጣቢያውን ታሪክ ሳነብ እመለሳለሁ። ቁርጡን የሚያውቁት ያኔ ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ አንደኛው ሞቷል። ዘፈኑን ትሰማለህ ወይ ካላችሁኝ፣ እሰማለሁ። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ስለ ልጆች የዘፈናቸው ሲመጡ እዘላቸዋለሁ። እጄ ራሱ ነው የሚዘላቸው።

ሰልሟል ይባላል። እውነት ነው?

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትጽፉልኝ አብዝታችሁ የምትጠይቁት ይሄን ነው። ወንድሙ ጀርሜይን በ1989 ሰልሟል፤ ይሄ እርግጥ ነው። ማይክልም ሰለመ የሚለው በ2008 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ያወጣው ዜና ነው። ጠበቃው ውሸት ነው ብሎ አስተባበለ። ማይክልም እንደሰለመ በአደባባይ ተናግሮ አያውቅም።

ወሬውን ያጠናከረው ባሕሬን መኖሩ ነው። ከ2005ቱ ፍርድ በኋላ የንጉሡ ልጅ ሼክ አብዱላ ጋብዘውት ወደዚያ ሄደ። በ2006 መጀመሪያ ማናማ የገበያ ማዕከል ውስጥ በጥቁር የሴት አባያ ተሸፋፍኖ ታየ። ማምለክ አልነበረም፤ መደበቅ ነበር። ፍቅሩም አልዘለቀም። ሼኩ በ2008 ለአልበም ብዬ 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍዬ አልሠራልኝም ብለው ለንደን ከሰሱት፤ ከፍርድ ቤት ውጭ ታረቁ።

ያደገውስ በእናቱ በካትሪን እምነት፣ የይሖዋ ምስክር ሆኖ ነው። ታዋቂ ሆኖ እንኳ መልኩን ለውጦ ቤት ለቤት ይሰብክ ነበር። የ«ትሪለር» ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ ይህ ፊልም በመናፍስት ማመንን አይደግፍም የሚል ጽሑፍ አለ። ያን ያስጻፈው ከጉባኤው የመጣበት ተግሣጽ ነው። በ1987 ከእምነቱ ወጣ።

ሕፃኑን ከፎቅ ያንጠለጠለውስ?

በርሊን፣ ሆቴል አድሎን፣ ኖቬምበር 2002። የወራት ዕድሜ ያለው ልጁን ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ለአድናቂዎች ሊያሳይ ከሰገነቱ በላይ አወጣው። ከባድ ስህተት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ክርክር የለውም፤ አደረገው።

የቢትልስን ዘፈኖች ሰርቋል?

ገዝቷል። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ አብረው ሲሠሩ፣ የሌሎች ሰዎችን ዘፈኖች መብት መግዛት ጥሩ ንግድ እንደሆነ ይነግረዋል። ማይክል በ1985 ኤቲቪ የተባለውን ድርጅት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ወደ 250 የሚጠጉ የቢትልስ ዘፈኖች ውስጡ ነበሩ። ማካርትኒ ተቀየመ። በሕግ እንከን የለውም። በወዳጅነት ግን ሱቅ እንዴት እንደሚከፈት ያሳየህን ሰው ሱቁን ከሥሩ መግዛት ነው። እንደ ንግድ ግሩም ነበር። በ1995 አልበሞቹን ከሚያሳትመው ከሶኒ ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ፤ ከሞተ በኋላ በ2016 ድርሻው ለሶኒ በ750 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ሰረቀ ማለት ካስፈለገ ሌላ ቦታ እንሂድ። የ«ትሪለር» አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ማለቂያ ላይ ሁላችንም ትርጉሙን ሳናውቅ አብረን የምንጮኸው ድግምግም አለ። እሱ የካሜሩኑ ሳክስፎን ተጫዋች የማኑ ዲባንጎ ነው፤ በ1972 ከወጣው «ሶል ማኮሳ» የመጣ። ማንም አልጠየቀውም። ዲባንጎ ከስሶ በካሳ ታረቁ። በ2007 ሪሃና ያንኑ ስትወስድ ፈቃድ የተጠየቀው ማይክል ነው። ዲባንጎ በ2009 ፓሪስ ላይ እንደገና ከሰሰ። አፍሪካዊ አርቲስት መብቱን ለማስከበር ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት መሄዱ ያናድደኛል፤ ይሄኛው ጉዳይ ግን ከሌሎቹ ሩቡን ያህል እንኳ አይወራም።

«ዊ አር ዘ ወርልድ» ለእኛ ነው የተዘፈነው። ታዲያ ስማችን ለምን የለበትም? ገንዘቡስ ደረሰ?

ስማችን የለም፤ ልክ ናችሁ። ኢትዮጵያ የሚል ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይገኝም። አፍሪካ የሚልም የለም።

ነገሩ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። በኦክቶበር 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ምስል ዓለምን አነቃነቀ። እንግሊዞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ቀድመው ዘፈኑ። ሃሪ ቤላፎንቴ አሜሪካኖችን ቀሰቀሰ፤ ማይክልና ላዮኔል ሪቺ ጻፉት፤ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። የተቀረጸው ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ማታ ተጀምሮ እስኪነጋ ነው። በእኛ ጥር 20 ለ21 አጥቢያ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። እነሱ ይህን አያውቁም። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር የሆነ ነገር ይሰማኛል።

ያን ሌሊት ስቲቪ ወንደር በስዋሂሊ አንድ ስንኝ እንጨምር አለ። ክርክር ሆነ። የካንትሪ ዘፋኙ ዌይሎን ጄኒንግስ ጥሎ ወጣ። በመጨረሻ ባንድ ኤይድን ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ፣ ኢትዮጵያውያን እኮ ስዋሂሊ አይናገሩም አለና ሐሳቡ ቀረ። ከ40 በላይ ታላላቅ ዘፋኞች ባሉበት ክፍል ይህን የሚያውቅ አንድ አየርላንዳዊ ብቻ መሆኑ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ስቲቪ ግን ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ስቱዲዮ ይዞ ገብቶ ነበር። ዘፋኞቹን አመሰገኑ፤ ብዙዎቹ አለቀሱ።

ገንዘቡ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። 90 በመቶው ለአፍሪካ፣ 10 በመቶው አሜሪካ ውስጥ ለተራቡ ነበር። ለአፍሪካ የተባለውም ለኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ ሱዳንና ሌሎችም ነበሩበት። «በዕርዳታው መሣሪያ ተገዛበት» የምትሉት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ2010 ቢቢሲ ስለዚያ ዘመን ዕርዳታ ዘገባ ሠርቶ፣ የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለመሣሪያ እንደዋለ የሚያስመስል ነገር በመናገሩ በዚያው ዓመት ባንድ ኤይድን ይቅርታ ጠይቋል። የማይክሎቹ ድርጅት ስም እዚያ ውስጥ የለም። ደርግ በዕርዳታ እህል ሰውን ወደ ሰፈራ አጓጉዟል የሚለው ክርክር ግን የእኛው ነው፤ ለዚህ ማይክልን አትጥሩት።

ማን ገደለው?

ፕሮፖፎል የሚባል ማደንዘዣ። የሰጠው ደግሞ ዶክተር ኮንራድ መሪ።

ማይክል ለንደን ላይ 50 ኮንሰርት ሊያቀርብ፣ ጁላይ 13 ቀን 2009 ሊጀምር ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለው። በወር 150,000 ዶላር ሊከፈለው የተስማማው ሐኪም ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የሚሰጥን ማደንዘዣ መኝታ ቤት ውስጥ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። መድኃኒቱ ነጭ ነው፤ ማይክል «ወተቴ» ይለው ነበር። ማደንዘዣ እንቅልፍ አይደለም። የሚያደነዝዝ ሐኪም ዓይኑን ከታካሚው ላይ አያነሳም፤ መተንፈሻ መሣሪያ አጠገቡ ነው። ጁን 25 ቀን እኩለ ቀን ገደማ እዚያ ቤት የነበረው አንድ ሐኪም ብቻ ነው፤ እሱም ከክፍሉ ወጥቶ፣ ስልክ ሲያወራ ነበር። አምቡላንስ የተጠራው በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 12:21 ላይ ነው። 2:26 ላይ ሞቱ ተነገረ። 50 ዓመቱ ነበር።

ሐኪሙ በኖቬምበር 2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ 4 ዓመት ተፈረደበት፤ ሁለት ዓመት ገደማ ታስሮ ወጣ። የማይክል እናት ኮንሰርቱን ያዘጋጀውን ኤኢጂን ከሰው በ2013 ተረቱ። «ሶኒ አስገደለው» የምትሉኝ አላችሁ። በ2002 ከሶኒ ጋር በአደባባይ መጣላቱ እውነት ነው፤ የኩባንያውን አለቃ ዘረኛ ብሎታል። ከዚያ እስከ መርፌው ድረስ ግን የሚያገናኝ ክር የለም።

አልሞተም፣ ተደብቆ ነው ይባላል?

ሞቷል።

ሀብቱን አሁን ማን ይበላዋል?

ሲሞት ዕዳው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ይነገራል። የኑዛዜው አስፈጻሚዎች ጆን ብራንካና ጆን ማክሌይን ዕዳውን ከፍለው ከቢሊዮን በላይ አስገቡ። ተጠቃሚዎቹ ሦስቱ ልጆቹ፣ እናቱና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። አባቱ ኑዛዜው ውስጥ አልተጠቀሱም።

የምወደው ክርክር ከግብር ሰዎች ጋር የነበረው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል አይደል? ማይክል በሞተበት ቀን ስሙና መልኩ ስንት ያወጣ ነበር? አስፈጻሚዎቹ ለግብር ሲያስመዘግቡ 2,105 ዶላር ነው አሉ። ከዚያ ሁሉ ክስ በኋላ ማን ስሙን ይገዛዋል ማለታቸው ነው። መንግሥት በችሎት 161 ሚሊዮን ነው አለ። ዳኛው በ2021 4.15 ሚሊዮን ብለው ቆረጡት።

«ማይክል» የተባለው አልበም ላይ ያለው ድምፅ የእሱ አይደለም የሚሉትስ?

በ2010 የወጣው ነው። ሦስት ዘፈኖች ላይ «ይሄ ድምፅ የማይክል አይደለም» ብለው ገና ከመጀመሪያው የጮኹት ቤተሰቦቹና አድናቂዎቹ ነበሩ። አንዲት አድናቂ ፍርድ ቤት ሄደች። ሶኒ ለዓመታት ተከራከረ። በጁላይ 2022 ሦስቱም ዘፈኖች ከኢንተርኔት የሙዚቃ መደብሮች ወረዱ፤ ሶኒና ወራሾቹ ግን የማን ድምፅ እንደሆነ ሳይናገሩ። እኔ አንዱን መጀመሪያ ስሰማ ትንፋሹ ላይ የሆነ ነገር ጎርብጦኝ ነበር፤ ወንድሜ ግን አብዝተህ ነው ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ፍላሹ ላይ እስካሁን ሦስቱም አሉት። መኪናው ውስጥ ሲመጡ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።